ዲግሪን የሚመዝነው ማነው?
የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጉባኤ ሥልጣንና ኃላፊነት

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው ዲግሪ ሲሰጥ፣ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ነገሩ ጋውን ተለብሶ ፎቶግራፍ የሚነሱበት፣ ዘመድ አዝማድ አበባ ይዞ የሚሰበሰብበት ክብረ በዓል ይመስላል። በመሠረቱ ግን ዲግሪ ምስክርነት ነው። መስካሪው ዩኒቨርሲቲው፣ የሚመሰከርለት ተመራቂው፣ ምስክርነቱን ሰምቶ ራሱን አምኖ የሚሰጠው ደግሞ ሰፊው ሕዝብ ነው። በጤና ጣቢያ መርፌ የሚወጋን፣ የምንኖርበትን ሕንፃ አምድና ወለል የሚያሰላልን፣ ለልጆቻችን ሂሳብ የሚያስተምርልን፣ በፍርድ ቤት ጠበቃ ሆኖ የሚቆምልን ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያውቅ እኛ ራሳችን ፈትነን አልተቀበልነውም። የተቀበልነው ወረቀቱን አምነን ነው። ስለዚህ ያንን ወረቀት ማን መዝኖ ሰጠው፣ ከበስተኋላው ያለውን ትምህርት ማን ወሰነው፣ ስሕተት ቢገኝበትስ ተጠያቂው ማነው የሚሉት ጥያቄዎች ከግቢው አጥር ውጭ የሚኖረውን ሁሉ ይመለከታሉ።

ይህ ጉዳይ ሲነሳ «የተማሩት ይጨነቁበት፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ወገኖች አሉ። አስተያየቱ የሚመነጨው ከሁለት አቅጣጫ ነው። በአንድ በኩል ሠራተኛው የዩኒቨርሲቲን ደጅ በልማድ እንደ ባዕድ ቤት ሲያየው ስለ ኖረ ነው። በሌላ በኩል በግቢው ውስጥ ካሉት መካከል ጥቂቶች ይህንኑ ልማድ ሕዝብ እንዳይጠይቃቸው መከለያ ስላደረጉት ነው። ይሁን እንጂ የመምህሩ ደመወዝ፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ፣ በተማሪዎች ምግብ ቤት የሚቀርበው እንጀራ ሳይቀር የሚከፈለው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ከሚቆረጠው ግብርና ከሱቅ በሚገዛው ሳሙና ላይ ከሚከፍለው ታክስ ነው። ከፋዩ ባለጉዳይ ካልሆነ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ነገሩን ከሥረ መሠረቱ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በአውሮፓ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በቦሎኛና በፓሪስ የተቋቋሙት ዩኒቨርሲቲዎች በዘመኑ ከነበሩት ከሸማኔው፣ ከግንበኛውና ከአንጥረኛው ማኅበራት ጋር ተመሳሳይ አደረጃጀት ነበራቸው። «ኡኒቨርሲታስ» የሚለው የላቲን ቃል ራሱ ማኅበር ማለት ነበረ። በፓሪስ የመምህራን፣ በቦሎኛ የተማሪዎች ማኅበር ነበረ። የሸማኔዎች ማኅበር ሠልጣኙን «ከእንግዲህ ባለሙያ ነህ» የሚለው ጨርቁን በባለሙያዎች ፊት ዘርግቶ ከታየለት በኋላ እንደ ነበረ ሁሉ፣ መምህራኑም አዲሱን መምህር ወደ ጉባኤያቸው የሚቀበሉት ተከራክሮ ከረታ በኋላ ነበረ። ዛሬ «ማስተርስ» እያልን የምንጠራው ማዕረግ ከዚህ ከባለሙያው ማኅበር ቋንቋ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የብየዳን ጥንካሬ ብየዳ የማያውቅ ኃላፊ በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ «ደህና ነው» ሊለው እንደማይችል እርሱ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሥርዓቱ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ በሰፈሩ ደብር የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ጎንደር ቤተ ልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ ሙሉ የድጓ መምህር ተብሎ ለመታወቅ ይቸገር ነበረ። ዝማሬ መዋሥዕት ያጠናውም ወደ ዙር አምባ ያቀና ነበረ። ንጉሡ ወይም አገረ ገዥው ርስት ሊሰጥና ሹመት ሊሾም ይችላል። ዜማውን ያልያዘውን ሰው ግን «ይዞታል» ማሰኘት አይችልም ነበረ። ምስክርነቱ የአስመስካሪው መምህር ብቻ ነበረና። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ኋላቀር ነገር እንደ ነበረ አንክድም፤ ሴቶችን በአብዛኛው ከደጅ የመለሰ ሥርዓት ነበረ። ዕውቀትን መመዘን የሚችለው ዕውቀቱ ያለው ነው የሚለው መሠረተ ሐሳቡ ግን ሳይናወጥ ኖሯል።

በዘመናዊው ትምህርታችን ታሪክ ውስጥ የመምህራን ጉባኤ ሥልጣን ምን ሊያስገኝ እንደሚችል አጉልቶ የሚያሳየን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያም በየቦታው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ቻርተር ሥር ተጠቃለው በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የትምህርት ጉዳይ የሚመከርበት ሸንጎ ፋኩልቲ ካውንስል ይባል ነበረ። በካውንስሉ ውስጥ የውጭ አገር መምህራን ቁጥር ከፍተኛ እንደ ነበረና ብዙው የትምህርት ይዘት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የተቀዳ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ይኸው ካውንስል በ1956 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ከዋና ከተማው ወጥቶ አገሩን እንዲያገለግል ደነገገ። ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ተመደቡ። በአዲስ አበባ ያደገው ወጣት ጭሰኛው እንዴት እንደሚኖር ያየው፣ ከመጻሕፍት ያገኘውን ከኑሮ ጋር ያስተያየው በዚያ ዓመት ነው። በኋላ የመጣው የተማሪ ትውልድ ስለ መሬት ጥያቄ የተናገረው ከየት እንደ መጣ ለሚጠይቅ፣ ከመልሱ አንዱ ክፍል ከዚህ ደንብ ይገኛል። ካውንስሉ ያንን አስቦ እንዳላወጣው እርግጥ ነው። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ በአጀንዳ ያልተያዘ ፍሬ ታፈራለች።

ከ1966ቱ ሕዝባዊ ንቅናቄ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ፤ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 109 የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች አስተዳደር በአንድ ኮሚሽን ሥር ተጠቃለለ። የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርትም በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ስለ ፍልስፍናው ያለን አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ከዚህ የምንማረው አንድ ተጨባጭ ነገር አለ። ትምህርቱ ከላይ በትእዛዝ እንደ ገባ ሁሉ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ በአንድ ጀንበር ወጣ። በመምህራን ጉባኤ ተመዝኖና ከሌሎች አስተሳሰቦች ጋር ተፋጥጦ የገባ ትምህርት ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ እንደ አንድ የታሪክና የኢኮኖሚ መመርመሪያ በተከራካሪዎች መካከል በቆየ ነበረ።

ከዚያ ወዲህም የመጣው ለውጥ የጉባኤውን ነፃነት ይዞ አልመጣም። በታኅሣሥ 1985 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያደረጉት ሰልፍ በኃይል ከተበተነ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበቱ። ከመካከላቸው በየሙያቸው አንቱ የተባሉ ፕሮፌሰሮች ነበሩ። የዚህ ጉዳት በደመወዝ መዝገብ አይለካም። በእነርሱ ቦታ የሚቀመጠው ወጣት መምህር በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ይህ ፕሮግራም አይበጅም» ለማለት ሁለት ጊዜ ማሰብ ይጀምራል። ጉባኤ ዝም ማለትን ሲለምድ፣ ቃለ ጉባኤው በየሳምንቱ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» እያለ ይቀጥላል።

በወረቀት ላይ ካየን ሕጉ መጥፎ አይደለም። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 351፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 650/2001 እና አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ፣ ፕሬዚዳንት፣ ሴኔት፣ ከዚያም በታች የኮሌጅና የትምህርት ክፍል ጉባኤዎች እንዲኖሩ ይደነግጋሉ። ለአካዳሚክ ጉዳይ መሪው አካል ሴኔቱ ነው። ዲግሪ የሚሰጠውም በሴኔቱ ውሳኔ ነው። እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር ልብ እንዲል እንሻለን። የሴኔቱ ሰብሳቢ ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ዲኖችና ዳይሬክተሮችም በወንበራቸው የተነሳ ይቀመጡበታል። ስለዚህ የአስፈጻሚው አካልና የመዛኙ አካል ፊት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። መምህር ወክሎት የተላከው አባል ቁጥሩ ሲያንስ፣ ሸንጎው የመምህራን ሸንጎ መሆኑ ቀርቶ የአስተዳደር ስብሰባ ተቀጥላ ወደ መሆን ያዘነብላል። በቀበሌ ማኅበር የሠራ ሰው ይህን ጠባይ በሚገባ ያውቀዋል፤ ሊቀመንበሩ አጀንዳውን ሲያወጣ፣ ሲያስረዳና ድምፅ ሲቆጥር የዋለበት ስብሰባ በምን እንደሚጠናቀቅ አይጠፋውም።

ሕጉ ይህን ካለ በተግባር የታየውስ ምንድን ነው? የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ4 ዓመት ወደ 3 ዓመት ዝቅ እንዲል ተደረገ። ምክንያቱ የመሰናዶ ትምህርት የመጀመሪያውን ዓመት ይተካል የሚል ነበረ። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ከተማሪዎች 70 ከመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብዓዊ ጥናቶች እንዲመደቡ ተወሰነ። አገሪቱ መሐንዲስ ትፈልጋለች የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ እኛም አንቃወመውም። ዳሩ ግን ወርክሾፑ ሳይሠራ፣ የላቦራቶሪ ዕቃው ሳይገባ፣ አስተማሪው ሳይሠለጥን የተማሪውን ቁጥር ማስቀደም ከጣሪያው መጀመር ነው። በ1990 ገደማ በመላ አገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ 50 ገደማ ደርሰዋል። በዚህ ፍጥነት ውስጥ የመጠን ዕድገት በራሱ ጊዜ ወደ ዓይነት ለውጥ ይሸጋገራል ብሎ የጠበቀ ሰው፣ ለውጡ ወደ ታችም ሊሆን እንደሚችል ዘንግቶታል። በየትምህርት ክፍሉ ይህን አስቀድመው የተናገሩ መምህራን ነበሩ። ነገር ግን ጥያቄው ለጉባኤያቸው የቀረበው «ይሁን ወይስ አይሁን?» ተብሎ አልነበረም። «እንዴት ይፈጸም?» ተብሎ ነበረ።

በ2012 የትምህርት ዘመን ያ የተቆረጠው አንድ ዓመት ተመለሰ። አዲስ ገቢ ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶችን እንዲወስዱ ሲደረግ የዲግሪው ዘመን እንደገና 4 ዓመት ሆነ። በመካከሉ በ3 ዓመት የወጡትን ማንም መልሶ አልጠራቸውም። ከእነርሱ መካከል ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚያገለግሉ ትጉሃን እጅግ ብዙ ናቸው፤ የጎደላቸውን በሥራ ላይ በራሳቸው ድካም ሞልተውታል። ያም ቢሆን በአንድ ትውልድ ላይ ተሞክሮ የተተወ ውሳኔ መነሻው በየትኛው ጉባኤ፣ በምን ጥናት እንደ ሆነ ሕዝብ የመጠየቅ መብት አለው።

አሁን ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ ወደ ጋለበት ወደ መውጫ ፈተናው እንምጣ። በሐምሌ 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመውጫ ፈተና 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች ተፈተኑ። የማለፊያውን 50 ከመቶ ያገኙት 61 ሺህ ገደማ፣ ማለትም ከ100 ተፈታኞች 41 የሚሆኑት ናቸው። በመንግሥት ተቋሞች ከተማሩት 62 ከመቶው ሲያልፉ፣ በግል ተቋሞች ከተማሩት ያለፉት ግን 17 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ተፈታኞቹ በየተቋማቸው የሚፈለግባቸውን ትምህርት ያጠናቀቁ ወይም በማጠናቀቅ ላይ የነበሩ፣ በየኮርሱ በመምህራኖቻቸው «አልፈዋል» የተባሉ ወጣቶች ናቸው። እንግዲህ ከሁለት አንዱ እውነት መሆን አለበት፤ ወይ ፈተናው ዕውቀታቸውን አልመዘነም፣ አለዚያም በየሴሚስተሩ የተሰጣቸው ውጤት አልመዘናቸውም።

አንዳንድ መምህራን ፈተናው የሴኔትን ሥልጣን የነጠቀ ነው ሲሉ ይከራከራሉ። ሙግታቸው መሠረት አለው። ዲግሪውን የሚሰጠው ሴኔት ነው ከተባለ በኋላ ቁልፉ በሚኒስቴሩ እጅ ከተቀመጠ፣ ሴኔቱ ተፈርዶ ያለቀለትን ነገር የሚያነብ ጸሐፊ ይሆናል። በኮምፒዩተር ላይ ምርጫ በማጥቆር የሚሠራ ፈተና የአርክቴክቱን እጅ፣ የነርሷን ርኅራኄና ጥንቃቄ፣ የታሪክ ተማሪውን ሰነድ የማንበብ ችሎታ ሊመዝን አይችልም። ከዚህም በላይ አስተማሪው ዓመቱን ሙሉ ፈተናውን እያሰበ ማስተማር ሲጀምር፣ ከፈተናው ዝርዝር ውጭ ያለው ዕውቀት ሁሉ ወደ ጎን ይጣላል።

ነገር ግን ክርክሩን እዚህ ላይ ማቆም ለራስ ማድላት ይሆናል። ሥልጣኑ የተነጠቀው ዝም ብሎ አይደለም፤ ባለቤቱ ያልጠበቀው ቤት ነው። ቢጫ ሆኖ ጫፉ የተበላ የማስታወሻ ጽሑፍ ለዓመታት እየተባዛ ሲታደል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ እየተሸጠ አማካሪው ሳያነበው ሲፈርም፣ ውጤት በትውውቅ፣ በዘር ወይም ከዚያ በባሰ አስነዋሪ ምክንያት ሲታደል የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ የት ነበረ? አንድ መምህር ከ60 ተማሪዎች ለ50ው «ኤ» ሲሰጥ ያንን ውጤት የሚያጸድቀው ማን ነበረ? የሥራ ባልደረባን ላለማስከፋት ሲባል የሚደረግ ዝምታ ለአንድ መምህር ቸርነት፣ ለሕዝቡ ግን በደል ነው። በፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪው ጓደኛውን ላለማሳዘን የተሰነጠቀ ዕቃ ቢያሳልፍ፣ ነገ ከውጭ ሌላ ተቆጣጣሪ ሲመጣበት «ነፃነቴ ተደፈረ» ለማለት አንደበት አይኖረውም።

እኛ እንደምናየው የመውጫ ፈተናው ትኩሳት መለኪያ እንጂ መድኃኒት ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱ ያለው ፕሮግራሙ በሚታነጽበት ቦታ ነው። አንድ አዲስ የዲግሪ ፕሮግራም በአግባቡ ሲከፈት መንገዱ ረጅም ነው። የትምህርት ክፍሉ በመጀመሪያ ባለሙያው የሚያስፈልግ ስለ መሆኑ ከአሠሪዎች ጠይቆ ያጠናል። ከዚያም ኮርሶቹን ይቀርጻል፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲና ከሙያው ማኅበር ገምጋሚዎች ጠርቶ ያስተቻል። የታረመው ረቂቅ ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ ከዚያ የትምህርት ጥራትን ወደሚመረምረው ኮሚቴ፣ በመጨረሻም ወደ ሴኔቱ ይወጣል። በየደረጃው «መምህር አላችሁ ወይ? መጽሐፍ አላችሁ ወይ? ተመራቂው የት ይሠራል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ጭብጨባ የለውም። ሆኖም ከዚህ አሰልቺ ሥራ የሸሸ ተቋም ውጤቱን ከአራት ዓመት በኋላ በፈተና ሰሌዳ ላይ ያነበዋል። ደግሞም ፕሮግራም መክፈት ብቻ ሳይሆን መዝጋትም ከዚሁ ሥልጣን ይቆጠራል። የሚያስተምር ሰው የሌለውን ፕሮግራም ለመዝጋት የደፈረ ጉባኤ ግን ብዙ አላየንም።

ይህ ሥራ በአግባቡ ሲሠራ ምን እንደሚመስል የጅማን ምሳሌ ማንሳት ይበቃል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን አድርጎ ቀረጸ። ተማሪው ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ወደ ቀበሌዎችና ወደ ገበሬው መንደር እየወጣ የውሃውን ምንጭ፣ የመጸዳጃውን ሁኔታ፣ የሕፃናቱን ክትባት እንዲያጠና፣ በኋለኞቹ ዓመታትም ከየሙያው የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ተደረገ። መዝገብ ይዘው በር ያንኳኩ የነበሩት ወጣቶች ያንን የሚያደርጉት የዲግሪያቸው አካል ስለ ሆነ ነበረ። ኢንስቲትዩቱ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ይህ ልማድ አልተተወም። በሌሎች ተቋሞችም ተቀድቷል። ሚኒስትሮች ተለዋውጠዋል፤ መንግሥት ራሱ ተለውጧል። ፕሮግራሙ የቆየው የሚያስተምሩት ሰዎች የራሳቸው አድርገው ስለ ያዙት ነው።

ዩኔስኮ በ1990 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን ደረጃ አስመልክቶ ያጸደቀው የውሳኔ ሐሳብም መምህራን በተቋማቸው አመራር የመሳተፍ መብት እንዳላቸው፣ በአንጻሩም የተቋሙ ተጠያቂነት ለሕዝብ መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጧል። ሁለቱን ነጣጥሎ አንዱን ብቻ የሚጠቅስ ወገን፣ ሚኒስቴርም ይሁን መምህር፣ ገጹን አጥፎ እያነበበ ነው። ለአንባቢዎቻችንም ከዚህ የሚወጣ ተግባር አለ። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉ የሠራተኛና የነዋሪዎች ማኅበራት፣ አሠሪዎችና የሙያ ማኅበራት በፕሮግራም ግምገማ ላይ ተጠርተው ምስክርነታቸውን የሚሰጡበት ልማድ እንዲጠነክር መጠየቅ ይችላሉ። የኤሌክትሪክ ተመራቂው ሞተር መፍታት ይችል እንደ ሆነ ከወርክሾፑ ፎርማን የተሻለ የሚናገር የለም። ኮርሱ እንዴት ይታረም የሚለውን ግን ለመምህራኑ መተው ተገቢ ነው። ፎርማኑም ቢሆን ሥራውን ሌላ ገብቶ ሲያዝበት አይወድም።

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ጸድቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝነት የአካዳሚክ፣ የአስተዳደርና የገንዘብ ነፃነትን እንደሚያጠቃልል ተገልጿል። ገንዘቡ ብዙ ያነጋግራል፤ ከፍሎ መማር ለማይችለው የሠራተኛ ልጅ በሩ ምን ያህል ክፍት ሆኖ ይቆያል የሚለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ዛሬ አልፈነዋል። የአካዳሚኩን በሚመለከት ግን አንድ ያልተፈታ ተቃርኖ ከወዲሁ ይታያል። ዩኒቨርሲቲው የራሱን የመግቢያ ፈተና አዘጋጅቶ ተማሪዎቹን መምረጥ ጀምሯል። ተማሪዎቹ ሲወጡ ግን እንደ ሌላው ሁሉ የአገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። የመግቢያው ሚዛን በመምህራኑ፣ የመውጫው ሚዛን በሚኒስቴሩ እጅ ነው ማለት ነው። ሴኔቱ የመውጫውንም ሚዛን መልሶ ለመረከብ ከፈለገ፣ ጥያቄውን ከማቅረቡ በፊት የየትምህርት ክፍሉን የውጤት መዝገብ ገልጦ ማየት ይኖርበታል።